ከስምንት በኋላ ሰባት

ጥቅምት 5፣ ሰኞ

ዛሬ ምንም የተለየ ነገር የለም። ሒሳብ፣ ባዮሎጂ፣ እረፍት፣ እንግሊዝኛ። ራዲዮ የሒሳብ የቤት ሥራዬን ስህተቱን ጭምር ገለበጠችው። ራዲዮ አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ናት። አፏ ስለማይዘጋ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ራዲዮ ተብላ ቀረች፤ አሁን በስሟ የሚጠራት እናቷ ብቻ ናት መሰለኝ።

የእንግሊዝኛው ቲቸር ልብ ወለድ ልናነብ ነው አለ። አሥር ምዕራፍ። ወንዝ ላይ ሰው ስለሚያሻግር አንድ ጀልባ ቀዛፊ። «ታሪኩን እንድትነግሩኝ አልፈልግም፣ ታሪኩን አውቀዋለሁ። ስታነቡት የተሰማችሁን ጻፉልኝ።» ለዚህ ለብቻው ደብተር እንይዛለን። ማርክ አለው።

የተሰማንን በማርክ! እንግዲህ ለሱ ደብተር የሚያምረውን እጽፋለሁ፣ እውነቱን እዚህ። ይሄን የጀመርኩት ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ግን አልወደድኩትም። መጽሐፉ ያለው አንድ ብቻ ነው፣ የቲቸር። ስለዚህ ለአርባ ሁለት ተማሪ ፎቶኮፒ ተደርጎ ይጠረዛል። የት? ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ካለው ኮፒ ቤት። እማ የምትሠራበት።

ማንም አያውቅም። እማ የምትሠራው በጓሮ ባለችው ክፍል ነው፤ ኮፒ ሊያስደርግ የሚመጣ ሰው አያያትም። እኔም በጓሮ በር ነው የምገባው። ለራዲዮ «እናቴ የህትመት ሥራ ላይ ናት» ብያታለሁ። ውሸት አይደለም... ራዲዮ ግን ትልቅ ጋዜጣ ቤት መስሏት ቀረ። እኔም አላረምኳትም።

ጥቅምት 8፣ ሐሙስ

ከትምህርት በኋላ እማ ጋ ሄድኩ። የኛ ክፍል ኮፒ ጠረጴዛውን ሞልቶታል። አንድ አንድ ምዕራፍ ለብቻው ተከምሮ፣ እሷ እየዞረች ከየክምሩ አንድ አንድ ታነሳለች። ታስተካክላለች፣ በወስፌ ትበሳለች፣ ትሰፋለች፣ ኮላ ትቀባለች። አሥራ አራት ዓመት እዚያች ጠረጴዛ ላይ። የኮፒ ቤቱ ባለቤት ራሱ ሳያስፈቅዳት ጠረጴዛዋን አይነካም።

«እስቲ ነይ እነዚህን ሁለቱን እይልኝ» አለችኝ። የገጹ ቁጥር ኮፒ ሲደረግ ተቆርጧል። የምዕራፉ ቁጥር ደግሞ በእንግሊዝኛ በፊደል ነው የተጻፈው። እማ አማርኛ ጋዜጣ ከዳር እስከ ዳር ታነባለች፣ እንግሊዝኛ ግን አልተማረችም። ሁለቱ ክምሮች ከመደርደሪያ ሲወርዱ ተራቸው ጠፍቶባታል።

እኔ ግን የፊቱን ክፍል በሚከልለው መጋረጃ ቀዳዳ ራዲዮን አየኋት! ከፊት ለፊት ቆማ ባለቤቱን ታዋራለች፣ ሁለት የክፍላችን ልጆችም አብረዋት። ከመደርደሪያው ኋላ ተለጠፍኩ።

«የትኛው ይቀድማል?»

«ልክ ነው እማ፣ እንዳለ ነው።»

«አየሽው?»

«አየሁት አልኩሽ!»

አላየሁትም። ምን ይሆናል፣ ከማሽን በተራ የወጣ ወረቀት ነው።

«ታሪኩ ምን ይላል?» አለችኝ ቆይታ። ስለ ጀልባ ነው አልኳት። «ጀልባው ምን ሆነ?» እኔ እንጃ አልኳት። «አርባ ሁለት ጊዜ በእጄ አልፎ አንዴም ሳላውቀው!» ብላ ሳቀች። ራዲዮ እስክትሄድ አልተነቃነቅኩም።

ጥቅምት 12፣ ሰኞ

ኮፒው ታደለ። ራዲዮ የራሷን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ አሸተተችና «ኮላ ኮላ ይላል፣ ኤጭ!» አለች። እኔም ኤጭ አልኩ።

ያ ሽታ የእማ እጅ ነው። የቤታችን ትራስ ሳይቀር እሱን ይሸታል።

ስፌቱ ግን ቀጥ ያለ ነው። አንድም ወረቀት አልወጣም። ቲቸር በሁለት እጁ ይዞ ወጠር ወጠር አደረገውና «ጎበዝ ጠራዥ ነው» አለ። ደስ አለኝ... ለአንድ ደቂቃ ያህል። ከዚያ ማንም ፊቴን እንዳያይ አጎነበስኩ።

ጥቅምት 19፣ ሰኞ

እስከ ምዕራፍ ስድስት አነበብን። ቀዛፊው አንድ ልጅ አለችው፣ ከወንዙ ማዶ ከተማ ትማራለች። አባቷ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ አጥፎ፣ እግሩ ሁልጊዜ እርጥብ። ምዕራፍ አምስት ላይ ከጓደኞቿ ጋር ትመጣና በሱ ጀልባ ትሻገራለች። አታውቀኝም፣ አላውቅህም። ስትወርድ እንደ ሰው ሁሉ ሂሳቧን ከፍላው ትሄዳለች! እሱም ይቀበላታል። ምን ያድርግ?

እንዴት ተናደድኩ! ለቲቸር ደብተር ሁለት ገጽ ሙሉ ሰደብኳት። «ይህች ልጅ ልብ የላትም» ብዬ ጀመርኩ። እንዲህ ያለች ልጅ የምር ትኖራለች?

እኔ እንደሷ አይደለሁም። እማን ሰላም ሳልላት ቀርቼ አላውቅም። በጓሮ በር መግባት መካድ አይደለም።

አልሸሹም ዞር አሉ... ይሄ ለምን ትዝ አለኝ አሁን?

ጥቅምት 23፣ አርብ

ሞተ! ቀዛፊው ሞተ፣ በጎርፍ። አለቀስኩ።

ከዚያ ቀጥሎ ባለው ምዕራፍ ግን ተመልሶ ይቀዝፋል። መቅዘፊያውን ይጠግናል፣ ማታ ማታ ጀልባው ላይ ፋኖስ ሰቅሎ ልጁን ይጠብቃል። ደራሲው እንዴት ተነሳ፣ ከየት መጣ አይልም። ዝም ብሎ ይጠብቃል። በሚቀጥለው ምዕራፍ ልጅቱ ይቅርታ ልትጠይቅ ስትመጣ ጀልባዋ ባዶ ናት።

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ገባኝ! ሞቶም ጠበቃት። መምጣቷን ካየ በኋላ ነው ያረፈው። ስለዚህ አልዘገየችም ማለት ነው። ይቅርታ አይዘገይም። ይሄን ለቲቸር ጻፍኩት። የመጀመሪያ ጊዜ ነው ለሱ ደብተርም እውነቱን የጻፍኩት።

ጥቅምት 26፣ ሰኞ

ቲቸር የኔን አነበበው!! ቆሞ፣ ለክፍሉ በሙሉ። «መጽሐፉ ላይ የሌለውን አየች። ደራሲው የገደለውን ሰው እሷ በምናቧ አስነሳችው። ማንበብ ማለት ይሄ ነው።» መጽሐፉ ላይ የሌለውን ሲል ትንሽ ግር አለኝ፣ ግን ደስታዬ በለጠ። ራዲዮ በክርኗ ጎሸመችኝ።

ቤት ስደርስ እማ ፊቴን አይታ ምን ተገኘ አለችኝ። ቲቸር ጽሑፌን አነበበው አልኳት። «እስቲ ለኔም አንብቢልኝ!» እጇን ጠርጋ ተቀመጠች፣ ልክ እንግዳ እንደመጣባት።

በእንግሊዝኛ ነው፣ አይገባሽም አልኳት።

እሺ ብላ ተነሳች። መተርጎም እኮ እችል ነበር።

ጥቅምት 28፣ ረቡዕ

ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው ይላሉ። በል ጻፈው እጄ።

ቲቸር የሁላችንንም ደብተር ተሸክሞ ገባና ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። «አርባ አንድ ሰው ከአንድ ሰው ይገለብጣል? የሞተ ሰው ተነስቶ ቀዘፈ ትላላችሁ ሁላችሁም! እሷ በምናብ የጻፈችውን እናንተ እንደ ታሪክ ቀዳችሁት!»

ራዲዮ ተነሳች። «ቲቸር፣ ግፍ ነው! በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሴ ሠርቼ!» ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። «መጽሐፉ ላይ አለ፣ ይኸው ይዩት!» ሄዳ ሰጠችው።

ቲቸር የራሱን ከኛ ጋር አስተያየ። ገለጠ፣ መለሰ፣ ደግሞ ገለጠ። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሳቀ። ምዕራፍ ስምንት ከሰባት በፊት ተጠርዟል። ሁሉም ላይ። ፋኖሱን ሰቅሎ የጠበቃት በሕይወት እያለ ነው። ከዚያ ሞተ። ከዚያ መጣች። አለቀ።

ከእግሬ እስከ ራሴ ነደድኩ። ሁለቱ ክምሮች። አየሁት አልኩሽ!

«ይሄን የጠረዘው ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ነው እንዴ?» አለ ቲቸር። ሁሉም ሳቀ። ዝም ብል ምን ነበረበት? ማን ጠየቀኝ? ፈርቼ ነው መሰለኝ፣ ሁሉም ወደኔ የሚያዩ መስሎኝ። እና ጮክ ብዬ፦

«ሴትዮዋ ፊደል የቆጠረች አይመስለኝም!»

ከሁሉም የበለጠ በኔ ተሳቀ። ራዲዮ እንባዋን እየጠረገች «ሴትዮ ናት እንዴ?» አለች። እኔ ምን አውቃለሁ አልኳት።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ስንወጣ ቲቸር ጠራኝና «ያንቺ ግን አሁንም ያምራል» አለኝ። አያምርም። ያ ሁሉ ይቅርታ አይዘገይም ያልኩት የተሳሳተ ስፌት ነበር። የተሳሳተውም በኔ ነው።

ጥቅምት 29፣ ሐሙስ

ከትምህርት ቤት ለኮፒ ቤቱ ባለቤት ተደውሎለታል። እማ ነገሩን የነገረችኝ ራት እያቀረበች ነው፣ ስለ አየር ሁኔታ እንደሚወራ። አርባ ሁለቱንም ፈትታ እስከ ቅዳሜ መልሳ ትጠርዛለች። ከሰኞ ጀምሮ ጠረጴዛዋ ላይ ሌላ ሰው ይቀመጣል። እሷ ማሽኑ ጋ ቆማ ወረቀት ትጨምራለች።

«አሥራ አራት ዓመት!» አልኩ።

«ጋሼ ምን ያድርግ፣ ስሙ ነው የጠፋው።»

«ማን አየልሽ ብሎ አልጠየቀሽም?»

«ጠየቀኝ። ማንም፣ ዓይኔ ነው የደከመው አልኩት።»

እኔን አላየችኝም። ሳህኑን እያየች ነው ያለችው። አሁን በይ፣ አሁን፣ አልኩ በሆዴ። አፌ ውስጥ ጉርሻ ነበረ። ዋጥኩትና «አይዞሽ» አልኳት።

አይዞሽ! እኔ!

ጥቅምት 30፣ አርብ

ይሄን ባልጽፈው እወድ ነበር።

በእረፍት ሰዓት በሩ አጠገብ ቆመን ነበር፣ እኔ፣ ራዲዮ፣ ሌሎች ሦስት ልጆች። እማ ገባች። ባዶ ጆንያ በክንዷ፣ የሥራ ሽርጧን አላወለቀችም፣ ደረቷ ላይ ኮላ ደርቋል። መጽሐፎቹን ልትወስድ ነው። ለዘበኛው ስታስረዳ ድምጿን ሰማሁት። ከዚያ ዞር ስትል ተያየን።

በዓይኔ ምን እንዳልኳት አውቃለሁ። እሷም አወቀች። ቀጥ ብላ ወደኛ መጣች፣ ከፊቴ ቆመች፦

«ይቅርታ የኔ እህት፣ አሥራ አንደኛ ሐ በየት በኩል ነው?»

እኔን። የወለደችኝ። ዛሬ ጠዋት ፀጉሬን የሠራችኝ። ክፍሌን ታውቀዋለች፣ ለምዝገባ መጥታለች እኮ!

«በዚህ በኩል ነው» አልኩ። «ቀጥ ብለው ይሂዱ።»

ይሂዱ አልኳት እናቴን። አንቺ እያልኳት ያደግኩትን። እግዜር ይስጥሽ ብላ ሄደች።

ስትመለስ ጆንያው ሞልቶ ትከሻዋን አጉብጧት ነበር። አርባ ሁለት መጽሐፍ። ራዲዮ «አቤት ሲከብዳቸው!» አለች። እኔ የጫማዬን ማሰሪያ አሰርኩ። ታስሮ ነበር።

ያቺን የመጽሐፉን ልጅ ልብ የላትም ብያት ነበር። ሁለት ገጽ ሙሉ።

ኅዳር 1፣ ቅዳሜ

ዛሬ በፊት ለፊቱ በር ገባሁ። ዩኒፎርሜን ለብሼ፣ በቅዳሜ። ለምን እንደለበስኩት እንጃ።

ባለቤቱን «ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩት። እንዳላየሁ፣ አየሁ እንዳልኩ፣ ሁሉንም ነገርኩት። ሰምቶ ሲጨርስ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። «ጎበዝ ልጅ ነሽ። እናትሽን ልታድኛት ነው። እሷ ግን ራሷ የኔ ጥፋት ነው ብላኛለች።» እርስዎ አልገባዎትም፣ የምሬን ነው አልኩት። «ይሁንልሽ። ግን ሰውየው ሰኞ ሥራ ይጀምራል፣ ተነጋግረን ጨርሰናል» አለኝ።

በሁለት ቀን ዘገየሁ። ሐሙስ ራት ላይ ብናገር... ማን ያውቃል።

መጋረጃውን ገልጬ ገባሁ። እማ ክር እየፈታች ነው። ግማሹን ጨርሳለች። አጠገቧ ተቀምጬ አንዱን አነሳሁ፣ ክሩን መፍታት ጀመርኩ።

«እማ፣ ያን ቀን አላየሁትም።»

«አውቃለሁ።»

«እንዴት?»

«ወረቀት ሲገለጥ ይሰማል። አልሰማሁም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«አየሁት አልሽኝ። ልጄን ደግሞ ላጣራ?»

«ለጋሼስ? ልጄ ናት ያለችኝ ብትይው!»

«ለምን አላየችም ቢለኝስ? ልጄ እዚህ መታየት ታፍራለች ልበለው?» የተቆጣች አትመስልም ነበር። ክሩን በጥርሷ በጠሰችና «በኔ አፍረሻል አላልኩም። በዚህ ቤት አፍረሻል ነው ያልኩት» አለች። ለኔ ብላ ነው የለየችው። ልዩነት የለውም፣ እሷም ታውቃለች።

ትላንት በሩ ላይ ያልኳትን ማንሳት ጀመርኩ... አልጨረስኩትም፣ ለቅሶ ቀደመኝ። ክፍል ውስጥ የቀለድኩትንም ነገርኳት፣ ሳላስቀር። እሱ ላይ እጇ ቆመ። ከዚያ ወረቀቶቹን ከፊቴ አሸሸች። «አታርጥቢብኝ፣ እርጥብ ወረቀት ኮላ አይዝም።»

ከዚያ ሰባትን ከስምንት በፊት እያደረግን ሠራን። እኔ እደረድራለሁ፣ እሷ ትሰፋለች። እየሠራን ታሪኩን ከአንድ እስከ አሥር ነገርኳት፣ በአማርኛ፣ ምንም ሳልዘል። ልጅቱ ሂሳብ ከፍላ የወረደችበት ጋ ስደርስ የተስተካከለውን ወረቀት ደግሜ አስተካከልኩ። እማ መርፌዋን እያየች «ቀጥይ» አለች።

ጨረስኩላት። ቀና ብላ፦

«ልጅቱ ስትመጣ ጀልባዋ ባዶ ናት?»

«ባዶ።»

«ከዚያ በኋላስ ሰው ማን አሻገረ?»

«መጽሐፉ አይልም።»

«አይልም? ወንዙ እኮ አልደረቀም!»

አርባ ሁለት ተማሪ፣ አንድ ቲቸር፣ ይሄን የጠየቀ አልነበረም። ሁላችንም ልጅቱ ዘገየች አልዘገየች ስንል ነው የከረምነው። የጠየቀችው አይገባሽም ያልኳት ሴት ናት።

የመጨረሻውን ሰፍታ ስትጨርስ ጠረጴዛውን በጨርቅ ወለወለችው። ወስፌውን፣ ክሩን፣ መቁረጫውን በየቦታው አስቀመጠች። ለሚመጣው ሰው። እኔ ቆሜ አየሁ።

ኅዳር 3፣ ሰኞ

አሁን እማ ማሽኑ ጋ ናት፣ ከፊት ለፊት። ኮፒ ሊያስደርግ የሚመጣ ሁሉ ያያታል። ከትምህርት በኋላ ሄጄ አጠገቧ ቆምኩ። አዲሱ ጠራዥ ኮላ በየት በኩል እንደሚቀባ እየመጣ ይጠይቃታል። ታሳየዋለች። እኔ ብሆን አላሳየውም ነበር።

ክፍል ውስጥ ተናገርኩ። ቲቸር እንደገና የተጠረዘውን መጽሐፍ ሲያድል እጄን አወጣሁ። የጠረዘችው እናቴ ናት፣ አይተሽ ንገሪኝ ብላኝ ሳላይ አየሁ ያልኩት እኔ ነኝ፣ ፊደል አልቆጠረችም ያልኩትም ስለሷ ነው አልኩ። ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። ቲቸር ቁጭ በይ አለኝ። በደብተሩ ላይ የእማን ጥያቄ ጻፍኩ። የኔ አይደለም፣ የእናቴ ነው ብዬ ከላይ አስምሬበት።

ከዚያ በፊት ግን፣ ጠዋት። መጽሐፎቹን በሁለት ጆንያ ከፍለን ተሸክመን መጣን። በሩ ጋ ልንደርስ ስንል እማ እርምጃዋን ቀነሰች። አሥር እርምጃ ያህል ወደ ኋላ ቀረች። ሳልጠይቃት። ራዲዮና ልጆቹ እዚያው የተለመደው ቦታቸው ላይ ቆመዋል። እኔ ገባሁ፣ እማ ከኋላ ደረሰች። ቀና ብላ አየችኝ፣ አፏን ከፈተች፦

«ይቅርታ የኔ እ...»

«እማ!» አልኩ። ጮህኩ ማለት ይሻላል፣ ዘበኛው ሳይቀር ዞረ። «በዚህ በኩል ነው። ነይ።»

ራዲዮ አየችኝ። እማን አየቻት። ሽርጡን፣ የደረቀውን ኮላ። አፏ ተከፈተ፣ ምንም አልወጣም። ከዚያ መጣችና ጆንያውን ከእማ ትከሻ ላይ ተቀበለቻት።

እማ ባዶ እጇን ሽርጧ ላይ ጠረገች። ፊቷን ኮስተር አድርጋ «እሺ፣ ይምሩኝ» አለችኝ። እርስዎ ብላ፣ አርብ ዕለት እኔ ይሂዱ እንዳልኳት። ምን እንዳለችኝ ለራዲዮ አልገባትም፣ ለኔና ለእማ ብቻ ነው የገባን። ጆንያዬን አስተካክዬ ከፊቷ ሄድኩ።